ከጊንጪ እስከ አሳይታ፣ አንድ የጥድ ስንጥር

ራሴን ፍለጋ በረሃ ሄድኩ የሚለኝን ሰው አላምነውም። በረሃ ሄዶ የሚገኘው ሙቀት ነው፤ ራሱ የጠፋበት ሰው መጀመሪያ ቤቱን ቢፈትሽ ይሻለዋል። እኔ አሳይታ የሄድኩት አባቴን ይዤ፣ ሁለት ጋቢና አንድ ጀሪካን ከአምቦ ምንጭ የተቀዳ ውኃ ተሸክሜ ነው። ጋቢውም ጀሪካኑም የእኔ ሐሳብ አልነበሩም።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ነው። መጀመሪያ ጊንጪ፣ ቀጥሎ አምቦ። የዝውውር ደብዳቤው ላይ አምቦ ያኔ በነበራት ስም «ሀገረ ሕይወት» ተብሎ ስለተጻፈ፣ እናቴ ሌላ ክፍለ ሀገር የተላክን መስሏት አንድ ሌሊት አልቅሳለች። ጡረታ ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖት ሳለ ዓይኑ ይደክም ጀመር። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለን፤ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ እናቆየዋለን። አባቴ ከክሊኒኩ ወጥቶ አስፋልቱ ዳር ቆመና ባጃጆቹ ወደሚጮኹበት ፊቱን አዙሮ፣ «እንግዲህ የቀረውን ምን ላይ ላውለው?» አለ። እኔ ልጆቹን፣ የልጅ ልጆቹን የሚል መስሎኝ ነበር።

«አሳይታ ውሰደኝ» አለኝ።

አዋሽ የእኛ አገር ወንዝ ነው። ከጊንጪ በላይ ካለው ደጋ ይነሣና ሸዋን ዞሮ፣ ስምጥ ሸለቆውን ወርዶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ባሕር ሳይደርስ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። አሳይታ ወደ መጨረሻው የምትገኝ፣ የሱልጣኖች መቀመጫ የነበረች፣ በዙሪያዋ አሸዋና ድንጋይ ሆኖ እሷ ግን በወንዙ የምትለመልም የጥንት ከተማ ናት። አባቴ ይህንን ለሠላሳ ዓመት በጠመኔ ስሎ አስተምሯል። እሱ ራሱ ግን ከናዝሬት አልፎ አያውቅም።

አንድ ልማድ ነበረው። ሰኔ ላይ፣ ትምህርት በሚዘጋበት ቀን፣ የስድስተኛ ክፍል ልጆችን ሰብስቦ ከትምህርት ቤቱ ወደ አዋሽ ይወስዳል። እዚያ አዋሽ ገና ልጅ ነው፤ ሮጠው ቢዘሉት ይሻገሩታል። እያንዳንዱ ልጅ በእስክሪብቶ ስሙን የጻፈበት የጥድ ስንጥር ይይዛል። አባቴ «በሉ፣ አሳይታ ላሉት ሰላምታ ላኩ!» ይላል፤ አርባ ስንጥር ውኃው ላይ ይወድቃል፤ ልጆቹም የራሳቸውን ስንጥር በዳር በዳር እየተከተሉ፣ እስኪሰወር ድረስ እየጮኹ ይሮጣሉ። ጊንጪ ውስጥ ፊኛ የሚሸጥ ሰው ባልነበረበት ዘመን ከዚያ የሚበልጥ በዓል አላውቅም።

እኔ የእሱ ክፍል ተማሪ የሆንኩት በአሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ሰልፉ ቆሞ፣ ስንጥሩ በየእጁ ተይዞ ሳለ እጄን አወጣሁ።

«ጋሼ፣ ቆቃ ላይ ግድብ አለ አይደለም እንዴ?»

ትምህርት ቤት ውስጥ ጋሼ እንጂ አባባ ማለት ክልክል ነበር።

«አለ።»

«ታዲያ ስንጥሩ እዚያ ይቀራል። አሳይታ አይደርስም።»

ልጆቹ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ እሱን አዩ። አንዱ ከኋላ ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ሳቁ። አባቴ ባርኔጣውን አስተካክሎ «ልክ ነው» አለ። ስንጥሮቹ ተወረወሩ፤ ግን ማንም ተከትሎ አልሮጠም። በሚቀጥለው ዓመት ሰኔ ላይ ወደ ወንዙ የሄደ ክፍል አልነበረም። ከዚያም በኋላ አልነበረም።

ኋላ በመጻፍ ለመኖር ስሞክር ሥራዬ ሰው ሁሉ የተስማማበትን ነገር መቃወም ሆነ። ይጣፍጣል የተባለውን መራራ ነው፣ ጀግና የተባለውን ዕድለኛ ነው እያልኩ ብዙ ወዳጅ አጥቻለሁ። አባቴን ግን ከዚያ ቀን በኋላ ተቃውሜው አላውቅም። ያለኝን ሁሉ «እሺ አባባ» እላለሁ። አሳይታ ውሰደኝ ሲለኝም፣ ሙቀቱ ይገድልሃል የሚል ሙሉ ድርሰት አፌ ውስጥ እያለ፣ እሺ አባባ አልኩ። የበላሁበትን በዓል የምመልስበት መንገድ ያ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

የአምቦ ጎረቤቶቻችን እንደ እኔ ጨዋ አልነበሩም።

«ኦቦ፣ ለሙቀት ከሆነ እዚሁ ፍልውኃ አለ አይደል!» አሉት በአጥር ላይ።

«ያ የሚያክመው እንደ እናንተ ያለውን ሪህ ነው» አላቸው። «የእኔ በሽታ ሌላ ነው።»

ታኅሣሥ ላይ ተነሣን። የምዕራብ ሸዋ ሰው ጋቢ ሳይዝ ከቤት አይወጣም፤ መንግሥተ ሰማያትም ቢጠራ ጋቢውን ያነሣል። ጀሪካኑንም እንዲሁ። በረሃ ነው፣ ውኃ አይገኝም አለ፤ ወደ ወንዝ እየሄድን መሆናችንን ሳላስታውሰው ጫንኩ። ሞጆ አካባቢ ስንደርስ የቆቃ አቅጣጫ በስተቀኛችን ነበር። ሁለታችንም ወደ ግራ ተመለከትን። አዋሽ ከተማ ላይ አባቴ ጀሪካኑን ከፍቶ ቀመሰና ፊቱን አኮሳተረ። ምንጩ ሥር ምላስ የሚቆነጥጠው ውኃ እንደ ማንኛውም ውኃ ሆኗል።

«ሞቷል» አለ። አስፋልቱ ዳር ለቆመች አህያ በባልዲ ሰጣት።

አሳይታ የደረስነው በሁለተኛው ቀን ማለዳ ነው። ያረፍንበት ቤት ባለቤት ወልዲያ ተወልዳ እዚያ ያደገች፣ አፋርኛውንም አማርኛውንም እንደ ውኃ የምትናገር ሴት ነበረች። አባቴ ኮቱን እንደ ለበሰ፣ ከላዩ ጋቢ ደርቦ ሲወርድ አይታ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«አባባ፣ ማን ሞቶብዎት ነው?»

«ደግሞ ማን ይሙት ትያለሽ?»

«በዚህ አያያዝዎ እርስዎ ራስዎ!»

ጋቢውን ነጥቃ ውኃ ውስጥ ነከረችው፤ ጨምቃ መልሳ ትከሻው ላይ ጣለችለት። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አላልኩህም ጋቢ ያስፈልጋል?» አለ። እሺ አባባ።

ስለ ከተማዋ የሚጻፈውን አንብቤ ነበር፤ ግማሹ ስለ ሱልጣኖቹ፣ ግማሹ ስለ ጨው ቅፍለቱ ነው። እኔ ያየሁት አቧራ፣ ፍየል፣ የሰሌን ምንጣፍ የሚሠሩ ሴቶች፣ ከዚያም ገደሉ ሥር ድንገት አረንጓዴ። ቴምሩ፣ በቆሎው፣ በመካከሉ ወፍራምና ቡናማ ሆኖ የሚያልፈው አዋሽ። በልጅነቴ በአንድ እርምጃ የዘለልኩት ውኃ ሸምግሎ፣ ሰፍቶ፣ ዝግ ብሎ ይሄዳል። ዳር ላይ ልጆች ልክ እንደ እኛ እየጮኹ ይዘላሉ። አባቴ እጁን ዓይኑ ላይ ጋርዶ ቆመ።

«ቀለሙ ይታየኛል» አለ። «ዳሩ ነው የጠፋኝ።»

ወንዙ ዳር ዛፍ ሥር በቆሎውን የሚጠብቅ የአፋር ሽማግሌ ተቀምጦ ነበር። አብራን የወረደችው የቤቱ ባለቤት አስቀድማ ነግራናለች፤ እዚህ ሰው ከሰው ሲገናኝ ሰላም ብሎ አያልፍም፣ ተቀምጦ ዳጉ ይቀባበላል። በመንገድ ያየውን ይናገራል፤ ያላየውን አይጨምርም። ያላየውን አየሁ ያለ ሰው ስሙ ከእሱ ቀድሞ ቀጣዩ መንደር ይደርሳል። እሷ እያስተረጎመች ሽማግሌው ጠየቀ፦ ከየት መጣችሁ? ዝናቡ እንዴት ነው? ግጦሹስ? መንገዱ ሰላም ነው?

አባቴ ክፍል ውስጥ እንዳለ ሰው ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ጊንጪ ላይ ጤፉ መታጨዱን፣ አምቦ ላይ ብርዱ መግባቱን፣ አዋሽ ከተማ ላይ የሞተ ውኃ ለአህያ መስጠቱን ተናገረ። ሽማግሌው የአህያዋን ሲሰማ ሳቀ።

ከዚያ አባቴ ጠየቀ። «ስም የተጻፈበት ትንሽ እንጨት፣ ከላይ በውኃ መጥቶ አይተህ አታውቅም? ድሮ፣ ብዙ ጊዜ የላክነው ነው።»

ሽማግሌው በትሩን መሬት ላይ እያንከባለለ አሰበ።

«አላየሁም» አለ በመጨረሻ። «ያላየሁትን አየሁ አልልህም።»

አባቴ ራሱን ነቀነቀ።

«አፈሩ ግን ይመጣል» ቀጠለ ሽማግሌው። «በክረምት ወንዙ ሲሞላ አፈር ይተውልናል። ከእናንተ አገር ነው ይላሉ። ይኼ በቆሎ የቆመው በእናንተ አፈር ላይ ነው።»

አባቴ ጎንበስ ብሎ ከመሬቱ ቆነጠረና በጣቶቹ መካከል አሸው። እኔ ደግሞ ምላሴን ነከስኩ። ምክንያቱም የእኛ አፈር ቆቃ ላይ እንደሚቀር፣ እዚህ ያለው ደለል በአብዛኛው ገባሮቹ ሚሌና ሎጊያ ከወሎ ተራሮች ያወረዱት መሆኑን አውቃለሁ። ዓረፍተ ነገሩ ከነማስረጃው ተዘጋጅቶ ነበር። የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ እጁን ሊያወጣ ምንም አልቀረውም። ዋጥኩት። በሕይወቴ ከዋጥኳቸው ሁሉ የከበደው እሱ ነው።

ሽማግሌውን ተሰናብተን በዳር በዳር ስንሄድ አባቴ ክንዴን ይዞ ቆመ።

«አፈሩ የወሎ ነው» አለ።

«ምን?»

«የወሎ ነው። አንተም ታውቃለህ። ለምን ዝም አልክ?»

«ደስ ያለህ መስሎኝ ነዋ።»

«ደስማ ብሎኛል፤ ሰውዬው ጨዋ ነው። አንተ ግን ምን ነካህ? ጋዜጣ ላይ ከአገሩ ሁሉ ትጣላለህ፤ ከእኔ ጋር ሲሆን እሺ አባባ፣ እሺ አባባ። ሞቻለሁ እንዴ?»

ያኔ ጠየቅኩት። አርባ ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረውን ጥያቄ፣ ስንጥሩን ለምን አቆምክ አልኩት።

«ተሸንፌ ነዋ!» አለ፣ እንደ ቀላል ነገር። «አርባ ልጅ ይዤ ወንዝ እወርዳለሁ፤ በየዓመቱ አርባው ይወረውራል። አንድ ዓመት አንድ ልጅ ካርታውን አንብቦ መጣ። ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ልወርውር? የሚቀጥሉትም አንብበው ይመጡ ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ። ማንም አልመጣም።»

የኮቱን ኪስ ዳሰሰና አንድ የጥድ ስንጥር አወጣ። ከጊንጪ መቼ እንዳስመጣው አላውቅም። «ጊንጪ» ብሎ ጽፎበታል፤ ዓይኑ አላግዝ ብሎት ፊደሎቹ አንዱ በሌላው ላይ ወጥተዋል።

«ከዚህ በታች ግድብ አለ?»

«የለም።»

«እሺ?»

ገባኝ፤ እጄን እንዳወጣ እየጠበቀ ነው። «ግን ሐይቁ ድረስ አይሄድም» አልኩት። «ያቺ ቄጠማ ላይ ይያዛል።»

ጥርሱን ገለጥ አድርጎ ሳቀ። ወረወረው፤ ስንጥሩ ከዳሩ ብዙም አልራቀም።

«ንገረኝ» አለ። «ያየኸውን ብቻ።»

ያየሁትን ነገርኩት። ወደ ቄጠማው ሄደ። ደረሰ። ቆመ። አንድ ጊዜ ዞረ። ሁለተኛም ዞረ። ከዚያ ተላቀቀና መካከለኛውን ውኃ ያዘ፤ እስኪሰወርብኝ ድረስ፣ በዕድሜዬ በማያምር ሩጫ፣ በዳር በዳር ጥቂት ተከተልኩት።

ስመለስ አባቴ እርጥቡን ጋቢ ትከሻው ላይ እያስተካከለ ነበር።

«አለፈ?»

«አለፈ።»

«ተሸነፍክ» አለኝና ክንዴን ያዘ፤ ዳገቱን ወጣን።