ከእመት ሜሪ የተማርኩት እንግሊዝኛ

በአሥር ዓመቴ አንኮበር ላይ እንግሊዝኛ እናገር ነበር ስል የልጅ ልጆቼ ይስቁብኛል። አልፈርድባቸውም፤ ያኔ የባሕር ማዶ ቋንቋ ይቅርና ሴት ልጅ ፊደል ቆጠረች መባሉ ራሱ የሰፈር ወሬ ነበር። እኩዮቼ የሆናችሁ ግን ንጉሡ አንኮበር በነበሩበት ጊዜ ፈረንጅ ከቆላ ሲወጣና ሲወርድ ማየት ብርቅ እንዳልነበር ታስታውሳላችሁ። አንዱ ጠመንጃ ያድሳል፣ አንዱ መድኃኒት አለኝ ይላል፣ አንዱ ደግሞ ድንጋይና ቅጠል ለቅሞ ይሄዳል። ከእነዚህ መካከል አንዲቱ ሴት ነበረች፤ የእኔ እንግሊዝኛ የመጣው ከእሷ ነው።

አባቴ መሪጌታ ገብረ አብ ይባላል፤ ሥራው መጽሐፍ መጻፍ ነበር። ቤታችን የመጣን ሰው መጀመሪያ የሚቀበለው የፍየል ቆዳ ሽታ ነው። ግቢው ውስጥ ብራና በእንጨት ላይ ተወጥሮ ይደርቃል፣ ጓዳ ውስጥ ደግሞ ጥቀርሻና የተቆላ ገብስ የገባበት ቀለም በማሰሮ ይከርማል። የዚያ ቀለም ሽታ ሌላውን ሰው አፍንጫ ቢያስይዝም እኔን እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። ወንድም ስላልነበረኝ አባቴ ፊደሉን እኔን አስቆጠረኝ፤ ብዕር መቅረጽም ቀለም መበጥበጥም እችል ነበር።

እመት ሜሪ የአንድ እንግሊዛዊ አናጢ ሚስት ናት። ባሏ ለንጉሡ የውሃ ወፍጮ ሊሠራ መጥቶ ቀኑን ሙሉ ወንዝ ዳር ነበር የሚውለው። እሷ አማርኛ መማር ፈለገችና አባቴ እንዲያስተምራት ታዘዘ። ወንድና የሰው ሚስት ለብቻቸው ቤት ውስጥ መቀመጥ ነውር ስለሆነ እኔ መካከላቸው እንድቀመጥ ተደረገ። ሥራዬ መቀመጥ ብቻ ነበር። ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ሳሙና ሳሙና በሚሸት ቤቷ ውስጥ አጎዛ ላይ ተጎልቼ ግድግዳውን ስቃኝ ያሳዘንኳት መሰለኝ፣ አንድ አማርኛ በተማረች ቁጥር ለእኔ አንድ እንግሊዝኛ ትሰጠኝ ጀመር።

እመት ሜሪ ቃል ነጥላ አታስተምርም። ይህ ድንጋይ ነው፣ ይህ ውሃ ነው ማለት አይሆንላትም። ሰው በየቤቱ እንደሚናገረው ሙሉውን አነጋገር ነበር የምትሰጠኝ፤ ጠዋት ምን እንደሚባል፣ ሰው ሲያመሰግን ምን ተብሎ እንደሚመለስ፣ እንግዳ ሲነሣ በምን እንደሚሸኝ። አንዳንዱ አነጋገራቸው ሲፈቱት ጉድ ነው። በደንብ እየሰማሁህ ነው ለማለት «ሁለንተናዬ ጆሮ ነው» ይላሉ። አባቴ ይህችን ሲሰማ «ይህማ የበቃ መነኩሴ ቃል ነው» ብሎ ወደዳት። ምስጢር ያወጣላቸውን ሰው መደበቅ ሲፈልጉ ደግሞ እንደ እኛው ወፍ ነገረችኝ ይላሉ፤ ወፏ እዚያም ወሬኛ መሆኗ ገረመን። እምብዛም የማይሆን ነገር ሲሆን «ሰማያዊ ጨረቃ በወጣች ጊዜ» ይባላል። አባቴ የባሕረ ሐሳብ ሰው ነውና ይህችን እንደ ዋዛ አላለፋትም፤ ጨረቃዋ መቼ እንደምትወጣ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያሰላ ቆይቶ «እናንተ አገር ቁጥሩ ሌላ ነው መሰል» አላት። እመት ሜሪ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

እኔ የማውቀው የትምህርት መንገድ አንድ ነበር፤ የቆሎ ተማሪዎች እንደሚያደርጉት ወዲያ ወዲህ እየተመላለሱና እየጮኹ በቃል መያዝ። «ጉድ ሞርኒንግ»ንም፣ «ሃው ዱ ዩ ዱ»ንም፣ «ቬሪ ዌል፣ ታንክ ዩ»ንም በዜማ አወርዳቸው ነበር። ቅልልቦሽ ስንጫወት ወደ ላይ የወረወርኳት ጠጠር እስክትመለስ አንድ አነጋገር መጨረስ ነበረብኝ፤ ጓደኞቼም ትርጉሙን ሳያውቁ ተከተሉኝ። ጭጋግ መንደሩን በዋጠበት ጠዋት ልጆች ሳይተያዩ ከአጥር ወዲያና ወዲህ «ጉድ ሞርኒንግ» ሲባባሉ መንገደኛው ቆሞ ያማትብ ነበር። በዓመት ውስጥ አርባ ስድስት አነጋገር ያዝኩ። ሁሉንም ከቁራጭ ብራና ላይ በእኛው ፊደል ጽፌአቸው ነበር። አሁን ሳስበው ሁሉም የደኅና ሰው አነጋገሮች ናቸው። የሚያመው ሰው ምን እንደሚል የሚናገር አንድም አልነበረባቸውም፤ እመት ሜሪም አላስተማረችኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

የአባቴ ዓይን መታመም የጀመረው በዚያው ዓመት ነው። የዓይኑ ቆብ ወደ ውስጥ እየታጠፈ ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ይወጋው ነበር። እናቴ ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ላይ አስቀምጣ በወረንጦ ትነቅልለታለች፤ በሳምንቱ ተመልሶ ይበቅላል። ያኔ ለደብሩ አንድ ትልቅ መጽሐፍ ይጽፍ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ደክሞበት ግማሹን ያለፈ ሥራ ነው። ቀስ በቀስ መስመሩ እየተጣመመ መጣ። አንድ ቀን ብዕሩን ቀለም ቀንዱ ውስጥ ሊነክር ሦስት ጊዜ ሲስት አየሁት። ማየቴንም አወቀ።

«የደብሩ አለቃ ይህን ቢሰሙ መጽሐፉን ወስደው ለሌላ ጸሐፊ ይሰጡታል» አለኝ። «ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ። አባቴ ይሙት ብለሽ ማይልኝ።»

አባቴ ይሙት ብዬ ማልሁ። ይህ መሐላ ያኔ እንደ ዛሬው ለወሬ ማጣፈጫ የሚወረወር አልነበረም። ካፈረስኩት አባቴ በእርግጥ እንደሚሞት አምን ነበር።

ጥምቀት እንዳለፈ አንድ እንግሊዛዊ ሐኪም ከቆላ ወጥቶ እመት ሜሪ ቤት አረፈ። ሦስት ቀን ቆይቶ ወደ ባሕር የሚወርዱትን ሲራራ ነጋዴዎች አሊዩ አምባ ላይ ሊቀላቀል ነው። እኔም በልጅ አእምሮዬ አንድ ብልሃት አሰብኩ። ሐኪሙ ቤታችን ይመጣል፣ አባቴን ይጠይቀዋል፣ አባቴ በገዛ አፉ ሕመሙን ይናገራል፣ እኔ አስተረጉማለሁ። እንዲህ ከሆነ መሐላዬ አይፈርስም። እመት ሜሪን «እንግዳዎ አስተማሪዎን ሳያዩ መሄድ የለባቸውም» ብዬ አግባባኋት። እሷም ነገሩን እንደ ወግ ጉብኝት ቆጥራ ደስ አላት፤ «አንቺው ታስተረጉሚያለሽ፣ በቂ ታውቂያለሽ» ብላ ሐኪሙን ከእኔ ጋር ሰደደችው።

አባቴ ፈረንጅ ሊጎበኘው መሆኑን ሲሰማ ትልቅ እንግዳን ለብቻ መቀበል ደግ አይደለም ብሎ ያስጠራው ሰው ማንን መሰላችሁ? የደብሩን አለቃ። ወጉ እንደዚያ ነበርና እናቴም አፏን መክፈት አልቻለችም። ጠጅ ቀረበ። ቤቱ እንደ ወትሮው ጨለምለም ያለ ነው፤ አባቴ ከምድጃው ራቅ ብሎ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀመጠ። ሐኪሙ ገና ከመቀመጡ እንዴት እንደሆነ ጠየቀው፤ አስተረጎምኩለት።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ፤ እርሳቸው እንዴት ከረሙ? አገራቸው፣ ዘመዱ፣ ከብቱ ሁሉ ደኅና ነው?» አለ አባቴ።

«ቬሪ ዌል፣ ታንክ ዩ» አልኩ። ለዘመዱና ለከብቱ እንግሊዝኛ አልነበረኝም።

ሐኪሙ ግን የዓይኑን መቅላት አየ መሰለኝ፣ በጣቱ የራሱን ዓይን እያሳየ ሌላ ጥያቄ ጠየቀ። «አባባ፣ ስለ ዓይንዎ ነው የሚጠይቁት» አልኩ።

አባቴ አለቃውን ሰረቅ አድርጎ አያቸው። «ጢስ ነው በያቸው። ምን እሆናለሁ፣ ተመስገን፣ ደኅና ነኝ» አለ።

አለቃውም ጢማቸውን እየዳበሱ «የመሪጌታ ዓይን የንሥር ዓይን ነው» ሲሉ አጸኑለት።

አስተርጓሚ የሚናገረው የተባለውን ነው። ወደ ምድጃው እያመለከትኩ ደኅና ነው፣ አመሰግናለሁ ማለቱን በእንግሊዝኛ ደገምኩ። አንዲት ስሕተት አልነበረብኝም፤ እመት ሜሪ ብትሰማ ትኮራብኝ ነበር። ሐኪሙ ጠጁን ጨርሶ፣ እጅ ነሥቶ ሄደ። አባቴ እንደዚያ የመለሰው አለቃውን ፈርቶ ብቻ አይደለም። አልጋ ላይ ወድቆ እንኳ ቢሆን እንዴት ነህ ላለው ሰው ሌላ መልስ አያውቅም። ሁላችንም ያደግነው እንደዚያ ነው።

በማግሥቱ ማለዳ ሐኪሙ ወደ ቆላ ወረደ፤ እመት ሜሪም ከባሏ ጋር ለእንጨት ወደ ደብረ ብርሃን ሄደች። ውሃ ልቀዳ ስወጣ እናቴ ወረንጦውን ይዛ አባቴን ደጃፍ ላይ አስቀምጣው ነበር። አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ጥርሱን ነክሷል። ምንጩ ጋ እንደደረስኩ እንስራዬን አስቀመጥኩና ቁልቁለቱን ሮጥኩ።

ያን መንገድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ስትነሡ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ግማሹ ላይ ነጠላችሁን ትጥላላችሁ፣ ታች ስትደርሱ ላብ ያጠምቃችኋል። ጉልበቴ ተልጦ ነበር፣ አልተሰማኝም። ካልተናገርኩ አባቴ ይታወራል፤ ከተናገርኩ ይሞታል። መንገዱን ሁሉ የማመዛዝነው ይህንኑ ነበር። መጨረሻ ላይ አንድ የጥድ ዛፍ ሥር ቆሜ መሐላው ወደ እኔ ይዙር፣ የምሞተው እኔ ልሁን ብዬ ለመንኩ። ከዚያ በኋላ ቀለል አለኝና ሮጥኩ።

አሊዩ አምባ ገበያው ጦፏል። በጨው፣ በግመልና በሰው መካከል እየተሹለከለክሁ ስዞር አንድ ነጋዴ ክንዴን ያዘኝ። «ያ አላህ! አንቺ ልጅ፣ የማን ነሽ? ማን አባረረሽ?» አለኝ። ፈረንጁን ፈልጌ ነው ስለው በጣቱ አሳየኝ። ሐኪሙ ግመሎቹ አጠገብ ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ ቆምኩና «ጉድ ሞርኒንግ» አልኩ፤ ጊዜው ከቀትር አልፏል። እሱም ሳቅ ብሎ መለሰልኝና እንዴት ነሽ ብሎ ጠየቀኝ።

አፌ የለመደውን ሊመልስ ተከፈተ። በግድ ያዝኩት። «ኖ» አልኩ።

ከዚያ በኋላ የሚባለውን አላውቅም ነበር። ከአርባ ስድስቱ አንዱም አልረዳኝም። «ፋዘር» አልኩና የራሴን ዓይን ቆብ ገልብጬ ሽፋሽፍቴን በሁለት ጣቴ ሳብኩት። ቀጥሎም መዳፌን ብራና አስመስዬ በጣቴ ስጽፍ፣ ጣቴም መስመሩን ስቶ አየር ላይ ሲጽፍ አሳየሁት። ሌላ የማሳየው ሳጣ ልቅሶው መጣ። ሐኪሙ ሳቁን ተወ። ተነሥቶ ዓይኔን ወደ ብርሃኑ አዙሮ አየ፣ ደኅና መሆኑን ሲያውቅ «ፋዘር?» አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ገብቶታል።

ሲራራዎቹ ሁለት ቀን ይቆዩ ስለነበር በበቅሎው አፈናጦኝ ወጣን፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት ደረስን። እናቴ እንስራዬን ምንጩ ጋ አግኝታ ስትፈልገኝ ነው የዋለችው። አባቴ ሐኪሙን አየ፣ እኔን አየ። «ምለሽልኝ አልነበረም?» አለኝ። ሐኪሙ ዓይኑን ሊያይ ሲጠጋ ግን አልከለከለውም። በማግሥቱ ጠዋት ግቢው ውስጥ ሐኪሙ የዓይኑን ቆቦች ቀድዶ ሰፋቸው። የደብሩ አለቃ ሰምተው መጡ፣ ዓይኑ በጨርቅ እንደታሰረ አገኙት። ጎንበስ ብለው ጨርቁን አዩና «መሪጌታ፣ መጽሐፉ ለሰኔ ሚካኤል ቢደርስ ይበቃኛል፤ ሌላ ጸሐፊ አልፈልግም» አሉ። ዓመት ሙሉ የፈራነው ነገር በዚህ አለቀ።

ዓይኑ ዳነ። እኔን ግን አላናገረኝም። የነፍስ አባታችን መሐላ በማፍረሴ ስግደት አዘዙብኝ፤ ሰገድኩ። አባቴ የሚፈልገውን ሁሉ በእናቴ በኩል ነበር የሚልክብኝ። እዚያው አጠገቡ ቆሜ «ያችን ልጅ ቀለም ታምጣ በያት» ይላል። እኔም ቀለሙን አምጥቼ አስቀምጣለሁ። ጠዋት ከእንቅልፌ ስነቃ መጀመሪያ የማደርገው ትንፋሹን ማዳመጥ ነበር። ይተነፍስ ነበር። ቢቆጣም፣ ቢጠላኝም በሕይወት መኖሩ ይበቃኛል እል ነበር፤ ግን አልበቃኝም። ብራናውን በምፍቅበት ጥግ ተደብቄ ብዙ ጊዜ አልቅሻለሁ።

በሰኔ ሚካኤል መጽሐፉ ለደብሩ ተሰጠ። ጸሐፊ ሥራውን ሲጨርስ በመጨረሻው ገጽ ላይ አንባቢ በጸሎት እንዲያስበው ስሙን ይጽፋል፤ አለቃው ያንን ገጽ በተሰበሰበው ሰው ፊት አነበቡት። ያስጻፉት ሰዎች ስም ተጠራ። ቀጥሎ የአባቴ ስም መጣ። ከዚያ አለቃው ቆም አሉ፣ ወደ ብራናው ጠጋ ብለው አዩና ቀጠሉ፤ «ዓይን የሆነችለትን ልጁን ወለተ ኪዳንንም አስቡ» ይላል። ወለተ ኪዳን የክርስትና ስሜ ነው። እናቴ በክንዷ ነካችኝ። አባቴን አየሁት፤ እሱ መሬት መሬቱን ያያል። ወደ ቤት ስንመለስ «ዝናብ ሳይመጣ ፍጠኚ» አለኝ፣ በቀጥታ ለእኔ።

ዛሬ የልጅ ልጆቼ እንግሊዝኛን ከመጽሐፍ ይማራሉ፤ ደብተራቸው በአነጋገር የተሞላ ነው። ሲያማቸው ሐኪም ፊት ቆመው የት እንደሚያማቸው በሁለት ቋንቋ ይናገራሉ፣ አያፍሩም። አባታቸውም አቅፎ ይስማቸዋል፣ እወዳችኋለሁ ይላቸዋል። ስሰማቸው ደስ ይለኛል፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ ትንሽም እቀናለሁ። አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሮ፣ ይቅር ብዬሻለሁ የሚል ቃል በአፉ ሳይወጣ ነው ያረፈው። የዘመናችን አባቶች እንዲህ ነበሩ፤ ለልጃቸው የሚሉትን ለእግዚአብሔር ይነግሩታል።