የጥሬ ዱቄት ሽታ

ስልኩ ሲጮህ የጎረቤት መጋረጃ ጠርዝ እየተኮስኩ ነበር። የደወለችው እትዬ የምትሠራበት የመሥሪያ ቤት ካፍቴሪያ ገንዘብ ተቀባይ ናት። እትዬ ስልኳን ቤት ስትረሳ በዚችው ሴት ስልክ ስለምትደውልልኝ፣ ቁጥሩን አይቼ "ወዬ እትዬ" ብዬ አነሳሁት። ሴትዮዋ "እኔ ነኝ፣ እህትሽ አይደለችም" አለች። ከዚያ ወጥ ቤቱ መቃጠሉን፣ እሳት አደጋዎች መምጣታቸውን፣ እትዬ በማለዳ ብቻዋን ከፍታ መግባቷን ነገረችኝ።

"ተርፋለች?" አልኳት።

"ባሏን ይዘሽ ነይ" አለች።

መልሱ ይኸው ነበር። ካውያውን ከሶኬቱ ነቀልኩ። መጋረጃውን አጣጥፌ ወንበር ላይ አስቀመጥኩ። እሳቱ በምን እንደተነሳ እስከዚያ ድረስ ማንም አልነገረኝም ነበር፤ እኔ ግን አውቄዋለሁ።

እትዬ ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ትምህርት ቤት አልገባሁም ነበር፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ባሏን ጋሼ እለዋለሁ፣ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ከቤታቸው ጀርባ ያለችውን ክፍል ሰጥተውኝ፣ የስፌት መኪናዬን መስኮቱ ስር አድርጌ የሰው ልብስ እያጠበብኩና እያሳጠርኩ እኖራለሁ። ልጅ አልወለዱም። "አንቺ ትበቂናለሽ፣ ለዚያውም የማትታዘዥ" ይለኛል ጋሼ።

እትዬን የሚያውቅ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳው አፍንጫዋን ነው። ትንሽ ሳለሁ ከትምህርት ቤት ስመለስ አናቴን አሽትታ "ዛሬ ትኩሳት ሊነሳብሽ ነው" ትለኝና አልጋ ውስጥ ታስገባኝ ነበር፤ ሲመሽ ትኩሳቱ ይመጣል። ወተት ገና ደህና ሳለ ነገ እንደሚበላሽ ታውቃለች። "ይህቺን ሴት ፖሊስ ቢቀጥራት ኖሮ ውሾቹ ሁሉ ጡረታ ይወጡ ነበር" ይላል ጋሼ። ከሥራ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ጎንበስ ብሎ ፊቱን ያቀርብላት ነበር።

"እሺ፣ ምን በላሁ?"

"ዓሣ። ሎሚም አልጨመቁበትም።"

"ከማን ጋር?"

"ሲጋራ ከሚያጨስ ሰው ጋር።"

"ጉድ እኮ ነው! እንደኔ ያለ ምስኪን ባል የት ይገኛል? እንኳን ሌላ ሴት፣ ሌላ ሻይ ቤት መሄድ አልቻልኩም።"

ይህን ሁልጊዜ ይላል፤ እሷም ሁልጊዜ እንደ አዲስ ትስቃለች።

ካፍቴሪያው ውስጥ የማትሠራው ነገር አልነበረም። ስሟን ያስጠራው ግን ነጭ ሶስ ነው፤ በምድጃ ለሚጋገር መኮሮኒ፣ ለአበባ ጎመን፣ ለተቀቀለ ዶሮ የሚሆነው። ሰዉ እንዴት እንዲህ እንደሚለሰልስላት ሲጠይቃት "ቅቤ፣ ዱቄት፣ ወተት" ትላለች። "ይቺን ማስታወስ የማይችል ሰው መጀመሪያስ ወጥ ቤት ምን አስገባው?"

ለእኔ ያስተማረችኝ በዕረፍት ቀኗ እቤት ነው። የገበታ ቅቤው በለስላሳ እሳት ይቀልጣል። በቅቤው ልክ የፉርኖ ዱቄት ይገባበትና በእንጨት ማንኪያ ይማሰላል። እርጥብ አሸዋ መስሎ አረፋ ማውጣት ሲጀምር ጥሬ ዱቄት ጥሬ ዱቄት ይሸታል። ያ ሽታ ጠፍቶ የብስኩት ሽታ ብቅ ሲል ወዲያው ከእሳት ይወርዳል። "ቀድመሽ ካወረድሽው ምላስ ላይ ዱቄት ዱቄት ይላል። ከዘገየሽ ደግሞ ነጭነቱ ይቀርና ቡኒ ይሆንልሻል። መሐሉን የሚነግርሽ አፍንጫሽ ነው" ትለኝ ነበር። ለብ ያለው ወተት የሚጨመረው በጥቂት በጥቂቱ ነው። መጀመሪያ ላይ ይጠጥርና ሊጥ ይመስላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደነግጥና ወተቱን ባንዴ ይገለብጥበታል፤ ከዚያ ጓል ሲያሳድድ ይውላል። "አትደንግጪ። እየመታሽ ትንሽ ጠብ አድርጊበት፣ ራሱ ይላላል።" ተመልሶ እሳት ላይ ሲፈላ ማንኪያው ጀርባ ላይ ይለጠፋል። በጣት ሲሰመርበት መስመሩ ካልተደፈነ ደርሷል ማለት ነው። ጨው፣ ነጭ ቁንዶ በርበሬ፣ ትንሽ የተፈቀፈቀ ገውዝ፤ አለቀ።

ባለፈው የዝናብ ወቅት አንድ ክፉ ጉንፋን ቤታችን ገብቶ ሦስታችንንም አስተኛን። እኔና ጋሼ ድነን ተነሳን። እትዬም ተነስታ ሥራ ገባች፤ የዳነች መሰለን።

አንድ የዕረፍት ቀኗ ላይ ክፍሌ ውስጥ ሸሚዝ እየሰፋሁ የሚያር ነገር ሸተተኝ። ሮጬ ስገባ እትዬ ምድጃው ጋ ቆማ፣ በመስኮት ወደ ውጭ እያየች፣ ዘና ብላ ታማስላለች። ድስቱ ውስጥ ያለው ዱቄት የጡብ መልክ ይዟል።

"እትዬ! እያረረ ነው እኮ!"

ድስቱን አየች፤ ቀጥላ እኔን አየች። "ድስቱ ነው። ቂጡ ሳስቷል" አለች። ደፍታ፣ አጥባ፣ እንደገና ቅቤ ጣለች። ዱቄቱን ስትጨምር ግን ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ "ነይ እስቲ እዚህ ቁሚ። ጥሬው ሽታ ሲጠፋ ንገሪኝ" አለች። ልትፈትነኝ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ሶሱን ጨርሰን ገውዙን ፈቅፍቃ አፍንጫዋ ስር ያዘችው። ከዚያ ሳሙና አነሳች። ከዚያ ከልብስ ማጠቢያው ሳፋ የጋሼን ካልሲ አመጣች።

"ምንም" አለች።

"ካልሲው እንኳ?"

"ካልሲው እንኳ።"

ያን ጊዜ ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ቀድማ ያቆመችው እሷ ናት።

ሐኪም ጋ ይዣት ሄድኩ። ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል፣ መጠበቅ ነው አላት። "መቼ ይመለሳል አለሽ?" ስላት "እሱንማ አፍንጫውን ጠይቂው" አለችኝ። መንገድ ላይ ክንዴን ያዝ አደረገች።

"ጋሼሽ እንዳይሰማ።"

"ለምን?"

"እሱ ከሰማ የመጨረሻው ፌርማታ ሳይደርስ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ይሰማል። ደግሞ ጉልበቴን ካመመኝ ጀምሮ ሥራ ተዪ ተዪ እያለኝ ነው፤ ምክንያት አልሰጠውም። ካፍቴሪያም ከሰሙ ሰሀን ማጠቢያ ጋ ነው የሚወስዱኝ። የማያሸት ሰው ድስት አያስይዙም። እኔም ብሆን አላስይዝም።"

"እና?"

"እናማ ዝም።"

ዝም አልን። ጋሼ ሲመጣ በሩን ቀድሜ የምከፍትለት እኔ ሆንኩ። ሽንኩርት ከሸተተኝ ከጀርባው ሆኜ ዓይኔን አሻለሁ፤ ዓሣ ከሆነ እጄን አወዛውዛለሁ። እትዬ እኔን አይታ ትመልስለታለች፤ እሱም "ጉድ እኮ ነው!" ይላል። አንድ ቀን ደንበኛ ይዞኝ ሳልደርስ ቀረሁ። "እንቁላል" ብላ ገመተች። ጋሼ ያን ቀን ጾሙን ነበር የዋለው። "አይ አንቺ፣ አረጀሽ በቃ!" ብሎ ሳቀና ጫማውን ሊያወልቅ ተቀመጠ። እትዬ እራቷን አልነካችም።

ሥራዋን ግን ልትለቅ አላሰበችም። በየዕረፍት ቀኗ ምድጃው አጠገብ ታቆመኝና እኔ አሸታለሁ፣ እሷ ታማስላለች።

"አሁን?"

"ገና ነው።"

"አሁንስ?"

"ሊጠፋ ነው።"

"አሁን?"

"ጠፋ።"

"ጠፋ" ስላት ድስቱ ላይ ጎንበስ ትልና ታዳምጣለች። አረፋው መጀመሪያ ፑፍ ፑፍ ይላል፤ ጥሬነቱ ሲለቅ ድምፁ ይቀጥናል አለችኝ። ማንኪያውም እጅ ላይ ይቀላል። እኔ አልሰማም፣ አይቀለኝም፤ እሷ ግን እየለመደችው ሄደች። ያን ሁሉ ሶስ የሚበላው ማነው? እኛው ነን። "ይሄ አበባ ጎመን ሳይጨርሰን እንጨርሰው" ይላል ጋሼ ሳህኑን እያቀረበ። በመጨረሻ እኔን ቀድማ "ጠፋ" ማለት ጀመረች፤ ሳሸት እውነትም ጠፍቷል። አንድም ቀን አልሳተችም። ሶሱ ከድሮው ይልቅ ለሰለሰ፤ ካፍቴሪያ ውስጥም ሰው ደጋግሞ አመሰገናት። እያንጎራጎረች ትመጣ ጀመር።

የእኔ ፍርሃት የጀመረው ያኔ ነው። እስከዚያ ድረስ አንድ ቀን የሆነ ድስት ያርርባትና ነገሩ በራሱ ጊዜ ይወጣል የሚል ነገር ልቤ ውስጥ ነበር። አሁን የሚያሳብቅባት ነገር አልቀረም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ቀሚስ ለደንበኛ አድርሼ ስመለስ፣ ገና የግቢውን በር ስከፍት ጋዝ ሸተተኝ። ወጥ ቤት ገባሁ። እትዬ ጀርባዋን ለምድጃው ሰጥታ ድንች ትልጣለች። ነፋስ እሳቱን አጥፍቶታል፤ ወተት የተጣደበት ምድጃ ቁልፉ እንደተከፈተ ነው።

"መጣሽ? ይሄ እሳት ደግሞ የጠፋ መሰለኝ፤ ወተቱ ድምፅ የለውም" አለችና ዞር ብላ ክብሪቱን አነሳች።

ክብሪቱን ከእጇ ነጠቅኳት። ቁልፉን ዘጋሁ፣ ሲሊንደሩን ዘጋሁ፣ መስኮቱንም በሩንም ከፈትኩ። ፊቴን አይታ ገባት። ቀስ ብላ ተቀመጠች።

"ብዙ ነበር?"

"ብዙ ነበር።"

"እኔ ስለ ወተቱ ብቻ ነበር የማስበው" አለች።

ድንቹን ከእጇ ተቀብዬ አስቀመጥኩ። ከዚያ እኔ ጀመርኩ።

"ካፍቴሪያውን ማለዳ የምትከፍቺው ብቻሽን ነው።"

"መጀመሪያ መስኮት እከፍታለሁ።"

"ሁልጊዜ?"

"ልጅ አታድርጊኝ እንግዲህ።"

"ብርድ በሆነ ቀንስ?"

ልጣጩን ከጉልበቷ ላይ አራገፈች።

"ጋሼ ይወቅ እትዬ።"

"አፈር ስሆን! ባይሆን እኔው ራሴ እናገራለሁ። ለመሥሪያ ቤቱ እንግዶች ትልቅ ምሳ አለብን፤ ሶሱን በእኔ ላይ ጥለውታል። እሱን ልጨርስና በማግስቱ ለኃላፊውም ለጋሼሽም እነግራለሁ። ሰሀኑንም አጥባለሁ፣ ምን ቸገረኝ። ይቺን ምሳ ብቻ።"

"በማግስቱ?"

"በማግስቱ አልኩሽ እኮ። እኔ ዋሽቼሽ አውቃለሁ?"

ዋሽታኝ አታውቅም። እሺ አልኳት።

በምሳው ቀን ገና ሳይነጋ ብርድ ነበር፣ ጣቶቼ መርፌ አልይዝ ብለውኛል። እትዬ በክፍሌ በኩል መጣችና ነጭ ሽርጧን ዘረጋችልኝ። "አሽትቺልኝ እስቲ፣ ሽንኩርት ሽንኩርት እንዳይል።" አሸተትኩላት። ሳሙና ብቻ ነው የሚለው አልኳት። "ጎበዝ አፍንጫ" ብላ ጉንጬን ቆንጠጥ አደረገችኝና ሹራቧን እስከ አንገቷ ቆልፋ ወጣች። ጋሼ ከእሷ ቀድሞ ወጥቶ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ የእሳት አደጋ መርማሪው ቤት ድረስ መጥቶ አስረዳን። የአንዱ ሲሊንደር ጎማ አንገቱ ላይ ተሰንጥቆ ሌሊቱን ሲያፈስ አድሯል። ማለዳ መስኮቶቹ አልተከፈቱም ነበር። ክብሪት ስትጭር ነው። ሰውዬው ትሑት ሰው ነው፤ ሲናገር መሬት መሬት ያያል።

ጋሼ እስኪጨርስ አዳመጠው። "ጎማው ይሰንጠቅ፣ እሺ። ጋዝ ሲያፈስ ያደረበት ክፍል ውስጥ ገብታ፣ ሳይሸታት፣ ክብሪት ጫረች ነው የምትለኝ?"

"ይመስላል።"

"ይሄን ለማያውቃት ንገር ወንድሜ። የእኔ ሚስት ከሦስተኛው ቤት የሚያፈስ ጋዝ ታሸታለች።"

ጎረቤቱ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ፤ እውነት ነው አለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋሼ ይህንኑ ይዟል። ጋዝ አይደለም፣ ሌላ ነገር ነው፣ የሚደብቁት ነገር አለ ይላል። ሲሊንደር የሚቀይረው የካፍቴሪያው ሠራተኛ ሊያጽናናን ሲመጣ "አንተ ታውቃለህ፣ ተናገር" ብሎ በሰው ፊት ጮኸበት። ሰውዬው ሳይቀመጥ ወጣ። ትንንሽ ልጆች እንዳሉት ሰምቻለሁ፤ ከሥራም ለጊዜው አግደውታል። ጋሼ አሁን ሊከሰው ነው። የአውቶቡስ ጓደኞቹ፣ ጎረቤቶቹ፣ ሁሉም ስለ አፍንጫዋ ሊመሰክሩለት ቃል ገብተዋል።

ትናንት ማታ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሻይ ሰጠሁት፤ አልጠጣውም።

"አንቺ ነሽ ዋናዋ ምስክር" አለኝ። "ስለ እህትሽ ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። የምታውቂውን ብቻ ነው የምትናገሪው። እሺ?"

"እሺ ጋሼ" አልኩት።

ሰኞ ክሱን ሊያስገባ ይሄዳል። እትዬ ማሽተት ካቆመች መክረሟን ገና አልነገርኩትም።