የፋናዬ ሁለት እጣ

ፋናዬ ቁጭ ብላ ምሳዋን ስትበላ አይቻት አላውቅም። ቆማ ትጎርሳለች፣ ቆማ ትጠጣለች፣ እያወራችኝ ዓይኗ በሩ ላይ ነው። ጎረቤቷ ነኝ። ተክለ ሃይማኖት በተከራየነው ግቢ ውስጥ የእሷንና የእኔን ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ስለሆነ፣ ባልና ሚስቱ የሚነጋገሩትን ለመስማት ጆሮ መጣል እንኳ አያስፈልገኝም።

ቤት የሌላት ሰው ሆና አይደለም የተከራየችው። ትንሽ ራቅ ብሎ፣ በሩ ወደ መንገድ የሆነ ባለ ሁለት ክፍል ቤት አላት። ባሏ አሸብር ከጎጃም መጥቶ፣ መርካቶ በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ሲረግጥ ኖሮ የሠራው ቤት ነው። ከዚያ አባቱ ሞቱና አገር ቤት ወርዶ ተዝካር አወጣ። ተዝካር ማውጣት ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! ሁለት በሬ ጣለ፣ ጠጁን አስጠመቀ፣ ደብሩን በሙሉ ጠርቶ አበላ። "የአዲስ አበባ ልጅ ያላቸው አባት" እንዲባል ነው። ለዚህ ሁሉ የሚሆነውን አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብር ከጨው ነጋዴው ከአቶ ዘውገ ተበደረ፤ ቤቱንም በወለድ አገድ አስያዘ።

ወለድ አገድ ሲሰሙት ደስ ይላል፤ ወለድ አይከፈልበትም። በወለዱ ፈንታ ግን አበዳሪው ቤቱን ተረክቦ ይጠቀምበታል፣ ዋናው ገንዘብ ባንድ ጊዜ እስኪመለስለትም አይለቅም። በየወሩ ትንሽ ትንሽ ልክፈል ቢሉት አይሰማም። የነአሸብር ውል ደግሞ በአራት ዓመት ካልተመለሰ ቤቱ ለአቶ ዘውገ ይቀራል ይላል። አሸብር ፈርሞ ሲመለስ ፋናዬ አልጮኸችም፤ ዕቃዋን ብቻ ሰብስባ እኛ ግቢ ገባች። እኔ ብሆን ኖሮ ሰፈሩ ይሰማኝ ነበር።

የባሰው ነገር አቶ ዘውገ ቤቱን የጨው መጋዘን ማድረጋቸው ነው። ጨው ደግሞ ግድግዳ ይበላል። ፋናዬ ጠዋት ወደ ቅመም ንግዷ ስትሄድ በዚያ በኩል ታልፋለች፣ ማታ ስትመለስም እንዲሁ። "ዛሬ ደግሞ በመስኮቱ በኩል ልስኑ ረግፏል" ትለኛለች። "አትይዋ! በሌላ መንገድ ሂጂ!" እላታለሁ። በማግስቱም በዚያው ትሄዳለች።

ገንዘቡን የምታጠራቅመው በእቁብ ነው። እሑድ እሑድ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ካለች ሻይ ቤት የሚሰበሰብ፣ ሐጂ ሀያቱ የሚባሉ ሽማግሌ ዳኛ የሆኑበት ትልቅ እቁብ ነበር። እጣው ሲወጣ ስድስት መቶ ብር ያስገኛል። ፋናዬ ሁለት እጣ ገባች፤ ሁለቱ ሲደመሩ የቤቷ ዋጋ ማለት ነው። ለሳምንቱ መዋጮ ብላ ሥጋ ከቤታቸው ጠፋ፣ ፋኖስ በጊዜ ይጠፋል፣ የአሸብር ሱሪ በራሱ እጅ ተጣጥፎ እንደገና ተሰፋ።

ሌላው እቁብተኛ እጣው ቶሎ እንዲወጣለት ይሳላል፤ ፋናዬ እንዳይወጣላት ትሳል ነበር። ወዳ አይደለም። ስድስት መቶ ብር ለብቻው ቤቱን አያስለቅቅም፤ አሸብር ባለበት ቤት ደግሞ ስድስት መቶ ብር አያድርም። ያገሩ ሰው ከአውቶቡስ ሲወርድ መጀመሪያ የሚያፈላልገው እሱን ነው፤ አንዱ ለልጁ መዳሪያ፣ አንዱ ለፍርድ ቤት፣ አንዱ ለበሬ መግዣ። አሸብር እምቢ ማለት አልፈጠረበትም።

"እንግዲያው ባንክ አስቀምጪው" አልኳት አንድ ቀን።

"አውጪው ቢለኝስ?"

"አላወጣም በይዋ!"

"አንቺ ፊቱን አላየሽውም፣ ሲለምን" አለችና በርበሬዋን አንስታ ወጣች።

እቁቡ ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ የአሸብር እናት አረፉ። ሰውየው እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ እኔም አብሬው አለቀስኩ፣ ደግ ሴት ነበሩ። አርባቸው ሲቃረብ ግን ያ የተዝካር ነገር ተመልሶ መጣ። ቅዳሜ ማታ በግድግዳው በኩል "ፋናዬ፣ እጣሽ ቢወጣ ምናለ? እናቴን እንደ አባቴ ሸኝቻት በገላገለኝ" ሲላት ሰማሁ።

በማግስቱ እሑድ አንደኛው እጣዋ ወጣላት።

ሐጂ ሀያቱ ስሟን ሲጠሩ ሰዉ "እንኳን ደስ ያለሽ!" ሲላት እሷ ወዟ ጠፋ፤ አጠገቧ ነበርኩ። ከዚያ ተነሳችና ሰዓደትን ፈለገች። ሰዓደት አንዋር መስጊድ ጋ አቡጀዲ የምትሸጥ ልጅ እግር ነጋዴ ናት፤ የእሷ እጣ ገና አልወጣም፣ ለአረፋ ገበያ የምትገዛበት ገንዘብ ግን አንገብግቧት ነበር።

"የኔን ውሰጂ" አለቻት ፋናዬ። "ያንቺ ሲወጣ ትሰጪኛለሽ።"

ሰዓደት ጉልበቷን ልትስም ተንደረደረች። ሐጂ ሀያቱም "ዋስ ካላችሁ እቁቡ አያግዳችሁም" አሉ፤ ፋናዬ ራሷ ዋስ ሆናላት ገንዘቡ ለሰዓደት ተቆጠረ።

ማታ አሸብር "እህሳ?" አለ።

"አልወጣም" አለችው።

በግድግዳው ወዲህ ሆኜ ሰማኋት። እሱ "እግዜር ያውቃል" ብሎ ተኛ። ባዶ እጁን አገሩ ወረደና ለእናቱ አርባ ንፍሮና ጠላ አቀረበ። ዘመዶቹ "ለአባቱ ሁለት በሬ የጣለ ለእናቱ ንፍሮ!" ብለው አንጓጠጡት። ተመልሶ ሲመጣ ከስቶ ነበር። ይህን ሲነግራት ፋናዬ ሽሮውን እያማሰለች ነበር፤ ድስቱ አረረ።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የሚባል ነገር ራቃት። አንድ ሥጋት የነበራት ሴት ሦስት ሆኑባት፤ ጨው የሚበላው ግድግዳ፣ ሰዓደት ጋ ያለው ገንዘብ፣ ባሏ የሚሰማበት ቀን። ቅመሟን እየሰፈረች ዓይኗ የሰዓደት ሱቅ ላይ ነው፤ ገዢ ካልገባ ትጨነቃለች፣ ከበዛም "በዱቤ ወስደውባት ይሆን?" ትላለች። ሙሉ ኪሎ ለከፈለ ሰው ግማሽ ኪሎ ሰጥታ ስትጨቃጨቅ በዓይኔ አይቻለሁ። አሸብር ከሐጂ ሀያቱ ጋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ካየች ደግሞ እስኪለያዩ ድረስ መስፈሯን ትተዋለች። "ንገሪውና ይውጣልሽ" ስላት "ቤቱ ይመለስ፣ ከዚያ እንደፈለገ ያድርገኝ" አለችኝ።

ይባስ ብሎ በሁለተኛው ዓመት አረፋ ሰዓደት አገሯ ሄደች። ይሄ እንኳ የማንም ወግ ነው፤ በአረፋ ግማሽ መርካቶ ጉራጌ አገር ነው። ሰዉ ተመልሶ ሱቁ ሁሉ ሲከፈት ግን የሰዓደት በር እንደተቆለፈ ቀረ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። በእሑዱ እቁብ ላይም የሚከፍልላት ጠፋ። ዋሷ ፋናዬ ናትና የሰዓደትንም የራሷንም ከፈለች። ለመክፈል የጋብቻ ቀለበቷን ሸጠች፤ ለአሸብር ግን ውሃ ስቀዳ ወደቀብኝ አለችው። "በላችኝ" አለችኝ እኔ ቤት ገብታ፣ "እኔስ ይበለኝ፣ የሰው እናት አርባ በንፍሮ እንዲወጣ ያደረግሁ።" እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ በላቻት ብዬ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ሰዓደት ሕፃን ታቅፋ ብቅ አለች። አገሯ ሳለች ምጡ ሳይታሰብ መጥቶባት ነው። የተከፈለላትን አንድም ሳታጎድል መለሰች። ፋናዬ ልጁን ስማ፣ እናቱን ስማ፣ እዚያው ሱቁ በር ላይ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ሰዓደት ለልጁ ደስ ብሏት መሰላት።

የሰዓደት እጣ የወጣው እቁቡ ሊያልቅ ሲል ነው። የፋናዬ ሁለተኛ እጣ ከዚያ ወዲያ ብዙም አልቆየም። ፋናዬ ለባሏ "ወጣልኝ" አለችው፤ እሱም "ተመስገን" አለ። ገንዘቡን ሽማግሌዎች ፊት ለአቶ ዘውገ ቆጠሩላቸው። አቶ ዘውገ ከሁለት ወር በኋላ ቤቱ የሳቸው ይሆናል ብለው ተስፋ አድርገው ነበርና ፊታቸው አልፈታም፤ ግን ውሉን ቀደዱ፣ ጨዋቸውንም በሦስት ቀን አወጡ።

ቅዳሜ ልናግዛቸው ሄድን። አሸብር የረገፈውን ልስን እየፋቀ፣ ፋናዬ እየጠረገች፣ እኔ አፈር እያወጣሁ ሳለን ሰዓደት ልጇን አዝላ፣ ስኳርና ቡና ይዛ መጣች። ደጃፉ ላይ ቆማ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየችና ፊቷ በራ።

"አልሐምዱሊላህ! እትዬ ፋናዬ፣ ያን ጊዜ እጣዎን ባይለቁልኝ እኔስ የት እደርስ ነበር? ከጋሼ እናት አርባ በፊት በነበረው እሑድ እኮ ነው፣ አልረሳውም። ጋሼ አሸብር፣ ሚስትዎን አላህ ይጠብቅልዎ።"

የፋናዬ መጥረጊያ ቆመ። እኔ አፈሩን እንደያዝኩ ቀረሁ። ሰዓደት ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ አንዴ እኔን አንዴ እሷን ታያለች።

"አሸብር" አለች ፋናዬ። "ወጥቶልኝ ነበር። ዋሽቼሃለሁ።"

አሸብር ከግድግዳው አልዞረም።

"አውቃለሁ" አለ። "ያን ዕለት ማታ ሐጂ ሀያቱ መንገድ ላይ አግኝተው እንኳን ደስ ያለህ ብለውኛል። ለሰዓደት መልቀቅሽንም ነገሩኝ።"

"ከመጠየቅህ በፊት?"

"ቤት ሳልገባ።"

"ታዲያ አልወጣም ስልህ ለምን ዝም አልከኝ? ለምን አልጠየቅኸኝም?"

አሁን ዞረ። ፊቱ በአፈርና በጨው ነጥቷል፣ ዓይኑ ቀልቷል።

"ብጠይቅሽ አስመልሰሽ ትሰጪኝ ነበራ" አለ። "ለእናቴ ንፍሮ ያቀረብኩት እኔ ነኝ፣ አንቺ አይደለሽም።"

የሰዓደትን ክንድ ያዝኩና ወደ ውጭ ወጣን።