እትዬ ትርንጎና የፒያሳው ፎቶ

ባለፈው ዓርብ ለጾም ሰላጣ ልሠራ ብዬ አቼቶውን ሳነሳው ጠርሙሱ ከእጄ አመለጠና ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ኮምጣጣው ሽታ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ። ሌላ ሰው አቼቶ ሲሸተው ሰላጣ ያምረዋል፤ እኔን ግን አይከል ከተማ ካለችው የኪራይ ቤቴ አንስቶ ጎንደር፣ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ካለው የልጅነት ግቢያችን፣ የጎረቤታችን የእትዬ ትርንጎ ጨለማ ክፍል ውስጥ ወስዶ አቆመኝ። እትዬ ትርንጎ ፎቶ ስታጥብ ወረቀቱን ከመጀመሪያው መድኃኒት አውጥታ አቼቶ የተቀላቀለበት ውኃ ውስጥ ትነክረው ነበር። ትክክለኛው መድኃኒት ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ማን ይጠብቃል ባይ ናት። በዚያ ቀይ አምፖል ሥር፣ በዚያ አፍንጫ በሚቆርጥ ሽታ መሃል፣ ከነጩ ወረቀት ላይ የሰው ፊት ቀስ እያለ ሲወጣ ስንቴ አፌን ከፍቼ እንዳየሁ!

ባሏ ፎቶ አንሺ ነበር። እሱ ሲሞት ሰው ሁሉ ካሜራውን ሸጣ ወደ አገሯ ወደ እንፍራንዝ ትመለሳለች ብሎ ነበር አሉ። እሷ ግን ሐዘኗን ስትጨርስ የፎቶ ቤቱን በር ከፈተችና «ቀጣይ!» አለች። ቤቱ ጠባብ ነው። ሐይቅና ዳክዬ የተሳለበት መጋረጃ፣ የላስቲክ አበባ፣ በሲባጎ የታሰረ ማበጠሪያ ያለው መስታወት፣ ለጉርድ ፎቶ ለሚመጡ ወንዶች ሁሉ የሚሆን አንድ ጥቁር ኮት። ለቀጭኑ ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ይያዝለታል፤ ወፍራሙ ትንፋሹን ይይዛል። ምላሷ ደግሞ አይጣል ነበር። «ግንባርህን ፍታው እንጂ! ዕዳ ልጠይቅህ መጣሁ እንዴ?» ትላለች። ሰውየው ሳይወድ ይስቃል፤ ያኔ ቀጭ።

የእኔና የእሷ ወዳጅነት የተጀመረው በፊልም ጭራ ነው። ጥቅልሉ ሊያልቅ ሁለት ሦስት ፎቶ ሲቀረው፣ ደንበኛ እስኪመጣ ከምትጠብቅ ካሜራውን አንገቴ ላይ ታጠልቅልኝና «ሂጂ፣ መንገድ ላይ ያየሽውን አምጪልኝ» ትለኛለች። የሃያ ብር ሸቀጥ እንኳ የማታምነኝ እናቴ ይህን ስታይ ልቧ ቀጥ ይል ነበር።

የመጀመሪያው ፎቶዬ ፒያሳ ላይ ፍራሽ ተሸክሞ መንገድ የሚያቋርጥ ሰውዬ ነበር። ታጥቦ ሲደርቅ ደረቴን ነፍቼ ጠበቅኩ። እትዬ ትርንጎ አገላብጣ አየችውና «እግሩን የት ጥለሽው መጣሽ?» አለችኝ። አየሁት፤ እውነትም ሰውየው ከጉልበቱ በታች የለም። «እኔ እኮ...» ብዬ ልጀምር ስል እጇን አነሳች። «አትመልሺልኝ። መጀመሪያ ስሚ፤ ከዚያ ታኮርፊያለሽ። ይኸ ሰውዬ ያን ሁሉ ፍራሽ ተሸክሞ በምኑ ሊሄድ ነው? ይኸ ግን» አለች፣ ጣቷን ወደ ጥጉ ወስዳ፣ «ከኋላው ሁለት ሴቶች ይስቁበታል። እሱን አይተሻል። ዓይን አለሽ።» ላኩርፍ ወይስ ልደሰት አላወቅኩም፤ ሁለቱም ባንድ ላይ ሆነብኝ። ማታ ለእናቴ ሳሳያት «ሸጋ ነው፣ ልጄ!» ብላ ሳመችኝ። እናቴ ደብሬ ለሁሉም ነገር ሸጋ ነው የምትል ሴት ናት። የጎረቤት ወጥ ጨው ቢበዛበት፣ የሙሽራ ቀሚስ ቢጠብ፣ ሸጋ ነው። እትዬ ትርንጎ ደግሞ ይህን ስትሰማ «ሸጋስ ይሁን፣ ደብሬ፤ ምኑ ነው ሸጋ?» እያለች ታፋጥጣታለች፤ እናቴም በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትስቃለች።

አንድ ክረምት ላይ፣ ለጥምቀት ሰሞን በከተማው አዳራሽ የጎንደርን ጎዳና የሚያሳዩ ፎቶዎች ይሰቀላሉ፣ አንድ አምጪ ተባለች እትዬ ትርንጎ። ዕድሜዋን ሙሉ ጉርድና የሙሽራ ፎቶ ያነሳች ሴት ናት። ከሐይቅና ዳክዬው መጋረጃ ውጭ ያነሳችውን ማንም አይቶላት አያውቅም። «እኔም እኮ መንገድ አያለሁ» ስትል ድምጿ እንደ ልጅ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ካሜራዋን ይዛ ፒያሳ የምትንጎራደድ ሆነች፤ ሰው ጉርድ ፎቶ ፈልጎ በሩ ላይ ይቆማል፣ እሷ የለችም። በመጨረሻ አንድ ቀን፣ ዝናብ እንዳባራ፣ አንድ ባለጋሪ ፈረሱን አቁሞ በገዛ ፎጣው የፈረሱን ፊት ሲጠርግለት አገኘችው። አነሳችው። በትልቁ አጠበችውና በልብስ መቆንጠጫ መስታወቱ ላይ ሰቅላ ግቢውን ሁሉ ጠራች።

«ሸጋ ነው!» «እጅሽን ይባርከው!» «ኧረ ፈረሱ ሊናገር ነው!» እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። እኔም በሰው መሃል ሾልኬ አየሁ። የባለጋሪው ፊት የለም። ፈረሱም፣ ፎጣውም፣ ሁሉም በጭስ ውስጥ ያለ ይመስላል። ከኋላቸው ያለው የሱቅ በር ግን ዝገቱ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታያል። ዓይኔ ነው ብዬ አሸሁት። ቀና ስል እናቴ አጠገቧ ያሉትን ሴት ሰረቅ አድርጋ አየቻቸው፤ ሁለቱም ቶሎ አንገታቸውን ደፉ። ገባኝ። ሁሉም አይተውታል።

ቤት እንደገባን እናቴ በሩን ዘጋችና «እንዳትተነፍሺ» አለችኝ።

«ለምን?»

«በዓይኗ የምታድር ሴት ናት። ዓይንሽ ደክሟል ብለን ከነነፍሷ እንቅበራት?»

«አዳራሹ ውስጥ ሲሰቀል ግን አገር ይስቅባታል እኮ፣ እማ!»

«ብቻ ዝም በይ» አለች።

ዝም አልኩ። ግን የእትዬ ትርንጎን ፊት ማየት ስላቃተኝ ፎቶ ቤቱን ሸሸሁት። ፎቶው ወደ አዳራሹ የሚሄድበት ዋዜማ ግን እግሬ አላስቆም አለኝ። ስገባ በጋዜጣ እየጠቀለለችው ነው። «አንቺ ደግሞ ምነው ጠፋሽ? ስለ ፎቶዬ እንኳ አንድ ቃል አልሰማሁብሽ» አለች። ሸጋ ነው ብዬ መሄድ እችል ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ግን ያን ጊዜ የታየኝ አዳራሹ ነው፤ እሷ አዲስ ነጠላዋን ለብሳ ከፎቶው ጎን ቆማ፣ ሰው ከጀርባዋ ሲጠቋቆም።

«እትዬ፣ ሰውየው ደብዝዟል። ፈረሱም። የጠራው የኋላው በር ነው።»

ጋዜጣውን ፈታችው። ፎቶውን ይዛ ደጃፍ ወጣች፣ አፍንጫዋ ድረስ አስጠጋችው፣ አራቀችው፣ እንደገና አስጠጋችው። ከዚያ ፊቷን ሳታዞርልኝ «ሂጂ ወደ ቤትሽ» አለች። እያለቀስኩ ሄድኩ። እትዬ ትርንጎን ለዘላለም ያጣኋት መሰለኝ፤ እናቴን ባለመስማቴ የገዛ አፌን በጥፊ ብለው ደስ ባለኝ።

አመሻሽ ላይ እትዬ ትርንጎ ሳታንኳኳ ቤታችን ገባች። ነጠላ እንኳ አልለበሰችም። በቀጥታ ወደ ግድግዳው ሄደች፤ እዚያ እሷ ራሷ ለፋሲካ ያነሳችን የእናቴ፣ የወንድሜና የእኔ ፎቶ ተሰቅሏል። አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጠፈች።

«ነይ አንቺ ሰላም፣ ንገሪኝ። ይኸስ?»

እናቴን አየኋት። እሷ ወለሉን ታያለች። «ይኸም» አልኩ።

«ደብሬ፣ አይተሽው ነበር?»

«እንዴት ብዬ ልንገርሽ፣ የኔ እናት?»

«ዓመት ሙሉ! ሙሽራ አነሳሁ፣ ክርስትና አነሳሁ፣ የሰው ልጅ ምርቃት አነሳሁ! ሁላችሁም ሸጋ ነው እያላችሁ ወሰዳችሁ!»

«ወደንሽ እኮ ነው፣ ትርንጎ!»

«ወዳችሁኝ ነው ያሳወራችሁኝ!»

እንዲህ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እናቴም አጠገቧ ተቀምጣ አለቀሰች፤ እጇን ያዘቻት፤ እትዬ ትርንጎ ግን እጇን ነጥቃ ወሰደች። ትንሽ ቆይታ መልሳ ሰጠቻት። ፊቷን በቀሚሷ ጠራረገችና ወደ እኔ ዞረች። «በይ፣ ያን የፒያሳውን ፎቶ ከላይ እስከ ታች ያየሽውን ንገሪኝ» አለች። ነገርኳት። አንድም ቃል አልመለሰችልኝም፤ እኔን እንዳስተማረችኝ ቁጭ ብላ ሰማች። መጨረሻ ላይ ብቻ «ፈረሱስ? ጨርሶ አይታይም?» አለች። ፈረሱን እንዴት እንደ ወደደችው ያኔ ገባኝ።

በማግሥቱ እናቴ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ሆስፒታል ወሰደቻት። የዓይን ሞራ ነው፣ ይገፈፋል ተባለ፤ ተገፈፈም። የዚያ ዓመት ትርኢት ያለ እሷ ፎቶ አለፈ። እሷ ግን ፋሻው ሲነሳላት ከግቢያችን ጀምራ በየቤቱ እየዞረች ያበላሸችውን ሁሉ ደግማ አነሳች። ሙሽሮቹ እንኳ ቬሎ ተውሰው፣ ሙሽራዋ እርጉዝ ሆና፣ ሐይቁና ዳክዬው ፊት ቆሙ።

በቀጣዩ ክረምት ያንኑ ባለጋሪ ፒያሳ ላይ ደግማ አገኘችው። ፎቶው ታጥቦ እንደ ደረቀ ግቢውን አልጠራችም። እናቴን ብቻ ጠራቻት። ፊቷ አቆመችውና «አሁን አንቺ ተናገሪ» አለቻት። ምስኪን እናቴ! አላባት። ሸጋ ልትል ከንፈሯን ከፈተች፤ ዘጋችው። ነጠላዋን አስተካከለች፤ እኔን አየች፤ ማንም አላዳናትም።

«ሰማዩ... ሰማዩ ትንሽ አልበዛም?»

እትዬ ትርንጎ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። አንገቷን አቅፋ «እሰይ የኔ ደብሬ! እሰይ!» እያለች ጉንጯን ደጋግማ ሳመቻት። ሰማዩን ቆርጣም አዳራሹ ውስጥ ሰቀለችው።

እትዬ ትርንጎ ካረፈች ዓመታት አለፉ። ፎቶ ቤቱ አሁን የሞባይል ሽፋንና ቻርጀር ይሸጥበታል። ካሜራዋን የወሰደው የባሏ ወንድም ልጅ ነው፤ የት እንዳደረሰው አላውቅም። በቅርቡ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አይከል ገበያ መሃል፣ ጃንጥላ ይዤ ስስቅ አነሳችኝና ለቤተሰብ ሁሉ በስልክ ላክሁት። «ሸጋ!» «አማረብሽ!» «እንዴት ደስ ትያለሽ!» ይላል መልሱ ተደርድሮ። እናቴ አልጻፈችም። ደወለች።

«ሰላም ልጄ፣ ፎቶሽን አየሁት» አለች። «የሚስቀው አፍሽ ብቻ ነው። ዓይንሽ አይስቅም። ምን ሆነሽ ነው?»

ከእጮኛዬ ጋር ከተለያየን ወር ሊሞላን ነበር፤ ለማንም አልነገርኩም። ስልኩን እንደያዝኩ አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩና ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት።