በይዲድያ ስልት

ሥርጉት ዲላ ውስጥ ካሉት ኮሌጆች በአንዱ ሙዚቃ ልትማር ስትመዘገብ አባቷ አቶ ተክለብርሃን አልተደሰቱም። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ልጃቸው አካውንቲንግ ወይም ነርሲንግ እንድትማር ነበር ሐሳባቸው። ዘፋኝ ልትሆኚ ነው ወይ ብለው ሲጠይቋት፣ መዝፈን እንደማትችል፣ የምትፈልገው የሙዚቃን ታሪክ ማወቅ እንደሆነ ነገረቻቸው። እውነቷን ነበር። ድምጿ ሻካራ ነው፤ ጆሮዋ ግን አንዴ የሰማውን አይለቅም።

የሙዚቃ ታሪክና ስልት የሚያስተምሯቸው መምህር ሠረቀብርሃን፣ የማን እንደሆነ ሳይናገሩ ሙዚቃ ያሰሙና ዘመኑን፣ አገሩን፣ ቅኝቱን እንዲለዩ ተማሪዎቹን ይጠይቋቸዋል። አንዳንዴ ደግሞ ዜማውን መሐል ላይ ያቋርጡትና፣ ደራሲው ቢሆን እንዴት ይጨርሰው እንደነበር አስባችሁ ቀሪውን ጻፉ ይሏቸዋል። በዚህ ሥርጉትን የሚስተካከላት አልነበረም። ከሞተ ብዙ ዘመን የሆነውን ሰው አካሄድ አጥንታ ስትጨርስለት፣ መምህሩ የቱ ጋ እንደተቀጠለ ለመለየት ደግመው ያዳምጡ ነበር።

ከጎኗ የሚቀመጠው ይዲድያ ከዲላ በላይ፣ ደጋው ላይ ያለችው የቡሌ ልጅ ነው። በቤተ ክርስቲያናቸው ለመዘምራኑ ኪቦርድ ይጫወታል፤ መዝሙርም ይደርሳል። የሙዚቃ ታሪክ ግን አይገባውም፤ ባሮክ የሚባለውን የአውሮፓ ሙዚቃ ዘመን ከኋለኛው መለየት ሲያቅተው የምታስጠናው ሥርጉት ነበረች። እሱ ደግሞ አዲስ የደረሰውን በስልኩ እያንጎራጎረ ይቀዳና ያሰማታል። የይዲድያ ዜማ ማለቂያው ላይ ሲደርስ ቶሎ አያርፍም። ወደ መነሻው ድምፅ ሊመለስ ሲል ትንሽ ያንዣብባል፣ ትንፋሽ ይወስዳል፣ ከዚያ ነው የሚገባው። ለምን ሰሚውን እንደሚያስጠብቅ አንድ ቀን ስትጠይቀው፣ ቤት ለመግባት ምን ያስቸኩላል ብሎ ሳቀ።

እሷ ኦርቶዶክስ፣ እሱ ፕሮቴስታንት መሆናቸው ይሁን ዓይናፋርነት፣ በመካከላቸው ያለውን ነገር አንዳቸውም አንስተውት አያውቁም። ሥርጉት ከተመረቅን በኋላ ይደርሳል ብላ ታስብ ነበር።

ሊመረቁ አንድ ዓመት ሲቀራቸው፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ይዲድያ ኮንጋ በምትባል የገጠር ቀበሌ ያሉ መዘምራንን ሊያስጠና ሄዶ ሲመለስ የተሳፈረበት ሞተር ጭቃ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። ሞተረኛው ተረፈ። ይዲድያ ሐኪም ቤት ሳይደርስ አረፈ። በማግስቱ መምህር ሠረቀብርሃን ወደ ክፍል ገብተው ምንም ሙዚቃ ሳይከፍቱ ቆሙ፤ ከዚያ ነገሯቸው።

ሥርጉት ቡሌ ሄዳ ቀበረች። ልቅሶው ላይ የይዲድያ እናት ወይዘሮ አሰፋች ስልኩን እጇ ላይ አደረጉላት።

"ድምፁ እዚህ ውስጥ አለ አሉ። እኔ መክፈት አላውቅም፤ አንቺ ያዢው ልጄ።"

ስልኩ ውስጥ የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ያልሰሙት አንድ መዝሙር ተገኘ። ይዲድያ እያንጎራጎረ መሐሉ ላይ ሲደርስ ከውጭ የሆነ ሰው ይጠራዋል። "መጣሁ" ይላል፤ እዚያው ላይ ይቆማል። የመዘምራኑ መሪ ገበየሁ ለመታሰቢያው ጸሎት እንድትጨርስላቸው ለመናት። ሥርጉት ባዶ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ እንደተማረችው ጨረሰችው፤ ማንዣበቡን፣ ትንፋሹን፣ አገባቡን ሁሉ በእሱ ስልት።

መዘምራኑ ሲዘምሩት ወይዘሮ አሰፋች ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ቆሙ። ጸሎቱ ሲያበቃ መጥተው እጇን ያዙ።

"ሌላ የለም?"

የለም ማለት ነበረባት። ፊታቸውን አየችና "አለ" አለች።

ከዚያ ከምንም ተነስታ አንድ መዝሙር ሠራችና ከስልኩ ያገኘሁት ነው ብላ ለመዘምራኑ ሰጠች። ቀጥሎ ሌላ። አዲስ በተዘመረ ቁጥር በተበላሸው መንገድ ቡሌ ትወጣለች፤ ወይዘሮ አሰፋች ፊት ለፊት ተቀምጠው ይጠብቃሉ። በሐዘኑ የተዉትን ምግብ መቅመስ ጀመሩ፤ ወደ እንሰታቸውም ተመለሱ። ጎረቤቶቹ መዝሙሩ አሰፋችን አዳናት ይላሉ። ሥርጉት ይህን ስትሰማ ማቆም አልሆነላትም።

አንድ ቀን ግን ለአዲሱ ዜማ መዝጊያ ስትፈልግ ስልኩን ከፍታ የይዲድያን የድሮ ዜማዎች አዳመጠች። ደነገጠች። ማንዣበቡ እሷ እንደምታስታውሰው ረጅም አልነበረም። ዜማዎቹ ፈጣን ናቸው፣ አንዳንዴ ግዴለሽ፣ ሳቅ ያለባቸው። እሷ የሠራቻቸው ሁሉ የከበዱ ነበሩ። የራሷን ሐዘን እየጻፈች የእሱ ነው ስትል ኖራለች። ከሁሉ የባሰው፣ ስልኩን ዘግታ የእሱን ማንጎራጎር ለማስታወስ ስትሞክር የሚመጣላት የራሷ ዜማ ሆነ። ያን ቀን አለቀሰች፤ በቀብሩ ዕለት እንኳ እንደዚያ አላለቀሰችም።

ብዙም ሳይቆይ ገበየሁና ጓደኞቹ መዝሙሮቹን ሁሉ በይዲድያ ስም፣ ከፎቶው ጋር፣ ስቱዲዮ ሊያስቀዱ ተነሱ። ነገሩን በደስታ የነገሯት ወይዘሮ አሰፋች ናቸው፤ ጓሮ እንሰት እየፋቁ ነበር። ሥርጉት አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

"እትዬ፣ የይዲድያ የመጀመሪያው ብቻ ነው። እሱም እስከ ግማሹ። ሌሎቹን እኔ ነኝ የሠራኋቸው።"

ወይዘሮ አሰፋች መፋቂያውን አስቀመጡ።

"ሲዘምሩት ልጄ መጣ እል ነበር እኮ።"

የእሱ የቱ ጋ እንደሚያበቃ አሰሚኝ አሏት። ስልኩን ከፈተችላቸው፤ ዜማው እስኪቋረጥ ድረስ ሰሙት፤ ደግመውም አስከፈቷት።

"ይኼን ብቻ ይዘምሩ። እሱ ያቆመበት ላይ ያቁሙ" አሉ በመጨረሻ።

ስቱዲዮው ቀረ። ገበየሁ ሥርጉትን አልወቀሳትም፤ ግን ዳግመኛ አልጠራትም። መዘምራኑ ያን መዝሙር እስከ ግማሽ ዘምረው ዝም ይላሉ፤ የማያውቅ እንግዳ ግጥሙ የጠፋባቸው ይመስለዋል። ወይዘሮ አሰፋች ፊት ለፊት መቀመጥ ትተው ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። ጎረቤቶቹ እንደሚሉት እንደገና ከስተዋል።

ሥርጉት በከፍተኛ ውጤት ተመረቀች፤ ከሁሉ የበለጠውን ያገኘችው በስልት ትምህርት ነው። አሁን ዲላ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ሙዚቃ ታስተምራለች። ለበዓል ዜማ ሥሪልን ሲሏት አልችልም ትላለች፤ ሰዎችም ትሕትና ይመስላቸዋል።

ባለፈው ፋሲካ ቡሌ ወጥታ ነበር። ወይዘሮ አሰፋች ቆጮ አቀረቡላት፤ ስለ ዝናቡና ስለ ጎረቤት ላም አወሩ። የይዲድያን ስም ሁለቱም አላነሱም። ልትሄድ ስትነሳ ነጠላቸውን ደርበው እስከ መኪናው መንገድ ሸኟት፤ መኪናው እስኪመጣም አብረዋት ቆሙ።