የአቡ ሐዋ ክርን

ሚልሐምን በሰፈራችን በፉርን ኤል ሸባክ የሚጠራቸው ሰው ሁሉ አቡ ሐዋ፣ የነፋስ አባት፣ ይላቸዋል። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ሥራቸው ቤሩት ውስጥ የዘፈን ክሊፕ በተቀረጸ ቁጥር የዘፋኞችን ፀጉር በነፋስ ማስነሳት ነበር። በዚህ አገር ቋንቋ ሐዋ ፍቅርም ማለት ስለሆነ ሚስታቸው ኡም ፊራስ፣ «ከሁለቱ የወለደው አንዱን ብቻ ነው» ይላሉ።

ማራገቢያቸው የጭነት መኪና ጎማ ታክላለች። ሥራ ከጠፋ ወዲህ ዳንቴል ለብሳ እንግዳ መቀበያው ክፍል ውስጥ ከሶፋው በስተግራ ተቀምጣለች። እኔ ከነሱ በላይ ነው የምኖረው፤ አቧራዋን እየጠረጉ ሲያወሯት ስንቴ ሰምቻለሁ። ኡም ፊራስን እንደዚያ ሲያወሯቸው ግን ሰምቼ አላውቅም።

«ጡረታ ወጡ ወይ?» ሲባሉ፣ «እኔ አልወጣሁም፤ ጡረታ የወጣው ክሊፑ ነው» ይላሉ። «ነፋስ ከላይ ሲመጣ ፀጉር ያበላሻል፤ ከታች በግራ በኩል ሲመጣ ግን ፀጉር ይስቃል» የምትለዋን ትምህርታቸውንም ያልሰማ የሰፈር ሰው የለም። ከሁሉ በላይ የሚኮሩት ግን በአንድ ክሊፕ ነው። ነጭ ቀሚስ የለበሰች ዘፋኝ ስንዴ ማሳ መሐል ቆማ ስታለቅስ፣ እሳቸው ማራገቢያዋን ዝቅ ሊያደርጉ ጎንበስ አሉና ክርናቸው ስክሪኑ ውስጥ ገባ። ለአንድ ሰከንድ። ዳይሬክተሩ ሳያየው አለፈ፤ እሳቸው ግን ይኸው ሃያ ዓመት ሲያወሩት ይኖራሉ።

የሚያምናቸው የለም። በተለይ ከሕንፃው ሥር የሴቶች ፀጉር ቤት ያለው ጣኑስ ደረጃ ላይ ባገኛቸው ቁጥር አይለቃቸውም።

«አቡ ሐዋ፣ ክርንዎ እንዴት አደሩ? ፊርማ አይሰጡም?»

«ሳቅ አንተ። ስልክ ላይ ያለው ክሊፕ ዳር ዳሩ ተቆርጦ ነው እንጂ አሳይህ ነበር።»

«አይ ዕድል! ሊቆረጥ ሲል ሄዶ ዳር ቆመ?»

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ክሊፕ ያሳዩ ከነበሩት ጣቢያዎች አንዱ ለኮከብ ቆጣሪ፣ ሌላው ለድስት ሻጭ ተለቀቀ፤ ዘፋኞቹም ራሳቸውን በስልክ መቅረጽ ጀመሩ። በነሐሴ ሙቀት የመጨረሻው ጣቢያ ሊዘጋ መሆኑን ሲያስታውቅ ኡም ፊራስ ዳንቴሉን ከማራገቢያዋ ላይ ገፈፉት።

«ጣቢያው ሲዘጋ ይቺም ትወጣለች። ለቆራሌው ነግሬዋለሁ፤ ዓርብ ይመጣል።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሃያ አራት ዓመት ያበላችሽን?»

«አብልታኛለች፤ አሁን ግን መቀመጫ ነሳችኝ። እሺ፣ ያንን ክርንህን በዓይኔ ካየሁ ትቀመጥ። ካላየሁ ትሂድ።»

አቡ ሐዋ ጣቢያው ድረስ ሄደው ለመኑ። ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ ክሊፑ ዳሩ ሳይነካ እንዲታይላቸው ቃል ተገባላቸው።

ዓርብ እኔና ጣኑስ ተጠርተን ሐብሐብ በነጭ አይብ ቀረበልን። የመንግሥት መብራት እንደ ልማዱ የለም፤ ያለው የሰፈሩ ጄኔሬተር ነው፣ ለየቤቱ አምስት አምፔር። አምስት አምፔር ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ይችላል፤ ካውያ ከተጨመረበት ብሬከሩ ይጥላል። ይህን ቤሩት ውስጥ ጡት ያልተወ ሕፃን እንኳ ያውቃል።

ክሊፑ ጀመረ። ስንዴው መጣ፣ ዘፋኟ መጣች፣ ፀጉሯ ተነሳ። አቡ ሐዋ መቀመጥ አቃታቸው።

«ነፋሱ ሳይነካችሁ ምኑን አያችሁት!» ብለው የማራገቢያዋን ሶኬት ሰኩት።

«ሚልሐም! አምፔሩ!» ብለው ኡም ፊራስ ጮኹ።

ማራገቢያዋ አጓራች፣ ፍጥነቷን አገኘች፣ ብሬከሩም ጣለ። ክርኑ ሊመጣ አንድ ትንፋሽ ሲቀረው ስክሪኑ ጠቆረ።

ጣኑስ እንኳ አልሳቀም። ሰውዬው ሶኬቱን እንደያዙ ተንበርክከው ቀሩ፤ አንጀቴን በሉት።

ማራገቢያዋ ግን ከባድ ናትና ወዲያው አልቆመችም። በቀራት ጉልበት እየዞረች ሶፋው ላይ የተቀመጡትን ኡም ፊራስን ከታች በግራ በኩል አገኘቻቸው። የፀጉር መቆንጠጫቸው ወለቀ፤ ሽበታቸው ከትከሻቸው ተነስቶ ተንሳፈፈ።

ጣኑስ የያዘው ሐብሐብ ከእጁ ወደቀ።

«ቆይ! ኡም ፊራስ፣ እንዳይነኩት! ይሄ እኮ እሱ ነው!»

«ምኑ?»

«ፀጉሩ ነዋ! ሃያ ዓመት ሙሉ ሙሽራ ሁሉ እየመጣች ‹ልክ እንደዚያ ክሊፕ አድርግልኝ› ትለኛለች። በካውያ ሞከርኩ፣ በቅባት ሞከርኩ፤ ስንቷን አስለቀስኩ! ለካ ነፋስ ኖሯል፣ ከታች በግራ!» ወደ አቡ ሐዋ ዞረ። «ምናለ አንድ ቀን እንኳ ቢነግሩኝ?»

«በየቀኑ ነግሬሃለሁ» አሉ አቡ ሐዋ ከወለሉ ላይ ሳይነሱ።

ብሬከሩን መልሼ ሳነሳው ክሊፑ አልቆ የድስት ማስታወቂያ ገብቶ ነበር። የክርኑን ነገር ያነሳ ሰው የለም። ያኔ ከመንገዱ የቆራሌው ድምፅ ማጉያ «ብረት! ነሐስ! ያለቀ ባትሪ!» ሲል ተሰማ። ኡም ፊራስ ፀጉራቸው እንደተፈታ በረንዳ ወጡ።

«ሂድ ልጄ፣ የሚሸጥ የለንም!»

«ትልቅ ማራገቢያ አለችኝ አላሉም?»

«ሥራ ላይ ናት!»