ሳይቆጠር የተፈረመው

ዳይሬክተራችን ደግ ሰው ነው፤ ይሉኝታው ግን ልክ የለውም። ዕድሜው የታናሽ ወንድሜ ስለሆነ «አንተ» እለዋለሁ፣ እሱ «እትዬ» ይለኛል። እኔ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ነኝ፤ የመዝገብ ቤቱ ቁልፍ ያለው ግን በዳይሬክተሩ እጅ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ሲሾም ያስረከቡት የገዛ አስተማሪው ናቸው፣ ጡረታ ሊወጡ። ዝርዝሩ ላይ «የተማሪዎች ውጤት መዝገብ፣ አርባ ሁለት ጥራዝ» ይላል። «ይቆጠር እንጂ» ብል አፈጠጠብኝ።

«ሀሁ ያስቆጠሩኝ ሰው ፊት ቆሜ ልቆጥር ነው? ነውር ነው!» ብሎ ፈረመ።

ባለፈው ወር አንዲት ነርስ መጣች። መሥሪያ ቤቷ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷ ከእኛ እንዲረጋገጥ ጠይቋል፤ እስከ ዓርብ ካላመጣች ከሥራ ትታገዳለች። መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች አገላበጥነው። አርባ አንድ ብቻ! የጎደለው ደግሞ የእሷ ዓመት ነው፤ ጉድ በሉ።

ለጠፋ መዝገብ የሚጠየቀው ፈርሞ የተረከበው ኃላፊ ነው፤ መመሪያውን ስንቴ ተይቤዋለሁ። ከሹመት መነሳት አለ፣ ክስም ሊኖር ይችላል። እሱ ደግሞ ሁለት ልጆች ያሳድጋል። አልዋሽም፣ ክፉ ምክር መከርኩት።

«የውጤት ካርዷ ላይ ያለውን በአዲስ ቅጽ እንገልብጥና ማኅተም ምታበት። እሷም ትተርፋለች፣ አንተም ትተርፋለህ።»

ማኅተሙን ከመሳቢያ አወጣ፣ መልሶ አስገባው። ከዚያ መዝገቡ ምናልባት ቤታቸው ቢኖር ብሎ ለአስተማሪው ደወለ። ሽማግሌው እሳቸው ዘንድ እንደሌለ ነገሩትና፣ «ልጄ፣ እኔም ስረከብ አልቆጠርኩም» አሉ።

«እሰይ! ይህንኑ ጻፍና ተገላገል» አልኩት።

«የፈረምኩት እኔ ነኝ፣ እትዬ። በጡረታቸው አላስጨንቃቸውም።»

ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ አስጻፈኝ፦ ሳልቆጥር ተረክቤአለሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የነርሷ ውጤት ከካርዷና ከጽሕፈት ቤቱ የፈተና ክፍል ቅጂ ይጣራላት። እየተየብኩ እንባዬ መጣ፤ ንዴትም ነበረበት።

በማግስቱ ጠዋት ደብዳቤው ሳይላክ ሽማግሌው ከዘራቸውን ይዘው ከተፍ አሉ።

«ስሜ አለበት?» አሉኝ።

«የለበትም።»

ወረቀት ተቀብለውኝ ቁጭ አሉና እሳቸውም ሳይቆጥሩ መረከባቸውን አንድ ገጽ ሙሉ ጽፈው ፈረሙ። እሱ አጠገባቸው ቆሞ፣ «ጋሼ፣ ስለ እግዜር ይተዉት» ይላል።

«ዝም በል አንተ!» ብለው ተቆጡት። «አንተ እኔን አፍረህ፣ እኔ የቀደመኝን አፍሬ፣ በመሃል ይቺ ልጅ ልትቃጠል ነበር።»

ሁለቱ ወረቀቶች በአንድ ፖስታ ሄዱ። ነርሷ ሐሙስ ማረጋገጫዋን አገኘች፤ እሱም ክስ ቀርቶለት ሒሳብ ሊያስተምር ወደ ክፍል ተመለሰ። ከኃላፊነት መነሳቱን ለመምህራኑ የሚገልጸውን ማስታወቂያ የተየብኩት እኔው ነኝ፣ እጄ እንቢ እያለኝ።